እንቆቅልሽ ለትምህርት፤ ሕፃናትን በየዕለቱ ነገር የተፈጥሮን ዕውቀት ስለ ማስተማር



በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ ያለው ሰፈር ነፋስ ስልክ ይባላል፤ ዛሬም ከላፍቶ ጋር ተያይዞ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ተብሎ ይጠራል። በዚያ ተወልዶ ያደገ ሕፃን ስሙን በየቀኑ ይሰማል፤ በየቀኑም ይጠራዋል። ነገር ግን አንድ ቀን ቆም ብሎ «ነፋስ ስልክ አለውን? ነፋስስ ይናገራልን?» ብሎ ቢጠይቅ ከታላቆቹ የሚያገኘው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ዝም በል፤ ስም ነው» ይባላል፤ ወይም «ና እስኪ፤ ይመርመር» ይባላል። የዚህ ንግግር ሐሳብ በነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለውን ልዩነት መግለጽ ነው።

ሽማግሌው ሁለተኛውን መልስ የመረጠ እንደ ሆነ፤ በቀድሞ ጊዜ ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክት የሚያደርሰው መሣሪያ የነፋስ ስልክ ይባል እንደ ነበረና ሰፈሩም ስሙን ከዚያ አገኘ እንደሚባል ለልጁ ይነግረዋል። ልጁ ግን በዚህ አይረካም፤ «እንግዲያውስ መልእክቱን የሚሸከመው ነፋስ ነውን?» ይላል። ይህን ለመመርመር ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አፈ ሰፊ የሆነ የጠርሙስ ዕቃ ይመጣል፤ የእጅ ስልክ ይገባበታል፤ ክዳኑም ነፋስ እንዳያስገባ አጥብቆ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በሌላ ስልክ ይደወላል። ነፋስ ወደ ጠርሙሱ መግቢያ የለውም፤ ጥሪው ግን ይገባል፤ ስልኩም ያበራል፤ ይጮኻል። እንግዲህ መልእክተኛው ነፋስ አለመሆኑን ልጁ በዐይኑ አየ ማለት ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው የሬዲዮ ሞገድ የሚባለው የብርሃን ወገን የሆነ ነገር ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ነፋስ በሌለበት በሰፊው ሕዋ አልፎ ወደ ምድር እንደሚደርስ እርሱም ነፋስ ሳያስፈልገው ይሄዳል። ልጁ ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ለፈተና ቀን ብቻ ይይዘው ነበር፤ በጠርሙስ ውስጥ ካየው በኋላ ግን የሰፈሩን ስም በሰማ ቍጥር ያስታውሰዋል።

በዚህ አገር እንቆቅልሽ ያልተጫወተ ሕፃን የለም። ማታ ከእሳት ዳር ሆነው አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። የተጠየቀው አስቦ አስቦ ያላወቀው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገርም ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ትልቅ የማስተማር ሥርዓት አለበት። ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ቸኩሎ አይናገርም። ተጠያቂው ያስባል፤ ይገምታል፤ ይሳሳታል፤ እንደ ገና ይገምታል። አገሩን የሚሰጠው አሳቡ ካለቀበት በኋላ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄውን አቅርቦ ልጁ ገና ሳያስብ መልሱን በሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር፤ ጨዋታው ሳይጀመር የልጁን አገር የወሰደ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

የቀድሞው ትምህርት ቤትም ይህን አያጣውም። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን ፍለጋ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል፤ መምህሩም ወርቁን ቶሎ አይገልጥለትም፤ ተማሪው በራሱ ድካም ያገኘው ወርቅ ከእጁ እንደማይወጣ ያውቃልና። በፊደልና በንባብ ጊዜ ግን ሥራው ቃልን በቃል መያዝ ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። የሰው ልብ እህሉን የሚያኖርበት ጎተራ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጎተራ ብቻውን ሰውን አያጠግብም፤ እህሉ ተፈጭቶና ተጋግሮ ነው የሚበላው። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት የሚታየው ችግር ይህ ነው። ተማሪው «ትነት ማለት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመጽሐፉ ቃል ሳያጎድል ይመልሳል፤ «እናትህ ያሰጣችው ልብስ ውሃው ወዴት ሄደ?» ቢባል ግን ዝም ይላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጁ ግን አንድ መሆኑን አላወቀም። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ይስማማል።

ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ሲነገር ይቀላል። በላፍቶ አካባቢ፤ ከተማውና ገጠሩ በሚገናኙበት ስፍራ፤ አንድ መምህር በክፍሉ አርባ ሕፃናት ይዞ እንደ ቆመ ይታሰብ። መሣሪያ የለውም፤ የምርመራ ክፍልም የለውም። በእጁ ያለው አንድ እንጀራ ብቻ ነው። እንጀራውን ዘርግቶ ያሳያቸውና «ይህ ሁሉ ዐይን ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሕፃናቱ ይስቃሉ፤ በየቀኑ የሚበሉት ነገር ጥያቄ ይሆናል ብለው አያስቡምና። ቀጥሎ ግን ግምት ይጀምራሉ። አንዱ እሳቱ በሳው ይላል፤ ሌላው ምጣዱ ነው ይላል፤ ሦስተኛው አክንባሎው ነው፤ አራተኛው የጤፉ ጠባይ ነው ይላል። መምህሩ አንዱንም አይነቅፍም፤ አንዱንም አያመሰግንም፤ ሁሉንም በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚያም «ከነዚህ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» ይላል። የተፈጥሮ ዕውቀት፤ ዛሬ ሳይንስ የሚባለው፤ የሚጀምረው ከዚህ ከሁለተኛው ጥያቄ ነው እንጂ ከፊተኛው አይደለም።

ፈተናው እንዲህ ይደረጋል። ከአንድ ጆንያ በወጣ ዱቄት ሁለት ሊጥ ይዘጋጃል። አንዱ እርሾ ገብቶበት ሦስት ቀን የቦካ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ሰዓት በውሃ የተበጠበጠ ነው። ሁለቱም በአንድ ምጣድ፤ በአንድ እሳት፤ በአንድ አክንባሎ ይጋገራሉ። ያልቦካው ሊጥ ዐይኑ ጥቂትና የተበታተነ ሆኖ ይወጣል፤ የቦካው ግን ዐይኑ ሞልቶ ይወጣል። እሳቱ አንድ፤ ምጣዱ አንድ፤ ጤፉም አንድ ከሆነ፤ ልዩነቱ ሊመጣ የሚችለው ከመቡካቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሕፃናቱ ለዕድሜያቸው ሁሉ የሚጠቅም ሥርዓት ተማሩ፤ ይኸውም የነገርን ምክንያት ለማወቅ የፈለገ ሰው አንዱን ነገር ብቻ መለወጥ፤ ሌላውን ሁሉ ግን እንደ ነበረ መተው እንደሚገባው ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። «መቡካት ምንድን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። የሚቦካው ሊጥ በጠርሙስ ይደረግና ፊኛ በአፉ ላይ ይታሰራል፤ በቡሽ ወይም በጠባብ ክዳን ግን አይዘጋም፤ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላልና። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ፊኛው እየተነፋ ይነሣል። ማንም አልነፋውም፤ የነፋው ሊጡ ነው። በእርሾው ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ፤ እነርሱም የዱቄቱን ስኳር ሲመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣሉ። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ሲፈስ ይህ አየር ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ የወጣበትም ቀዳዳ ዐይን ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ሳይገለበጥ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጋገር ዐይኑ ሳይደፈን እንደ ተከፈተ ይኖራል።

መምህሩ በዚህ ጊዜ ሕፃናቱን ወደ እናቶቻቸው ይልካቸዋል፤ «ሊጥ በክረምት ቶሎ ይቦካልን ወይስ ይዘገያል?» ብለው እንዲጠይቁ ያዛቸዋል። እናቶች ሁሉ በሐምሌ ብርድ እንደሚዘገይ፤ ወደ ምድጃው ቢጠጋ ግን እንደሚፈጥን ያውቃሉ። ልጁ እናቱ ፊደል ባትቈጥርም ከመጽሐፉ ጋር የሚስማማ ዕውቀት እንዳላት ሲያይ ለእርስዋም ለትምህርቱም ያለው ክብር ይጨምራል። ቤትና ትምህርት ቤት የሚታረቁት በዚህ ዓይነት ነው።

ከእንጀራው ጥያቄ የሚወለድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እርሱም የሰውን ነፍስ የሚመለከት ነው። መምህሩ ራሱ ጧፍ አብርቶ የቦካ ሊጥ ወዳለበት ጠርሙስ ከሊጡ በላይ ቢያስገባው ይጠፋል። እንዲሁም የበራ ሻማ በብርጭቆ ቢከደን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ሕፃናቱ እሳት ለመንደድ ከአየር የሚፈልገው ክፍል እንዳለ፤ እርሱም ኦክስጅን እንደሚባል፤ ሲያንሰውም እንደሚሞት በዚህ ያውቃሉ። እንግዲያውስ መምህሩ እንዲህ ብሎ ይጠይቃቸው፤ «በክረምት ሌሊት ከሰል በማንደጃ አያይዘው፤ በሩንና መስኮቱን ዘግተው የተኙ ሰዎች ታመው ወይም ሞተው የሚገኙበት ጊዜ አለ። የገደላቸው ምንድን ነው?»

ይህ እንቆቅልሽ በብዙ ቤት ክፉ መልስ ተሰጥቶታል። አንዳንዱ መንፈስ መታቸው ይላል፤ አንዳንዱ ምች ነው ይላል፤ አንዳንዱም ጎረቤቱን ይጠረጥራል። እውነተኛው ምክንያት ግን ከሰሉ ራሱ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ ከሊጡ አየር የተለየ ነው፤ ሽታ የለውም፤ መልክ የለውም፤ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላም ይወጣል። ሰው ሲተነፍሰው ከደሙ ጋር ይጣበቅና ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ስፍራ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ይራባል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ይህ ቢይዛቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ ቢሻላቸው፤ ከሰሉን መጠርጠር ይገባል።

ይህን ጥያቄ በሥራ መፈተን ፈጽሞ አይገባም፤ በአሳብና በቃል ብቻ ይመረመራል። ነገር ግን የሻማውን መጥፋት በዐይኑ ያየ ልጅ የከሰሉን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ቤቱም ሄዶ «አባባ፤ ከሰሉ ውጭ ይያያዝ፤ በምንተኛበት ቤት ግን አይደር» ሲል በግምት አይናገርም። የታመመም ሰው ቢያገኝ በቶሎ ወደ ንጹሕ አየር እንዲወጣና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ያሳስባል። በሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረው ልጅ የካርቦንን ስም ያውቃል፤ ይህኛው ልጅ ግን ወንድሞቹን ያድናል። የዚህ ትምህርት ዋጋ በፈተና ነጥብ ብቻ የማይለካ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሌላም የማዕድ ቤት እንቆቅልሽ አለ። በለቡ ጣቢያ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የባቡር መንገድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ርዝመቱም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት አክስት በለቡ ባቄላ ብትቀቅል «የዚህ አገር ባቄላ አይበስልም» ማለትዋ አይቀርም። ባቄላው ነውን? እንጨቱ ነውን? ወይስ ውሃው? ከድሬዳዋ ያመጣችውን ባቄላ በለቡ፤ የለቡውንም በድሬዳዋ ቢቀቅሉት፤ የዘገየው ባቄላው ሳይሆን ስፍራው እንደ ሆነ ይታወቃል። የአየር ክብደት በባሕር ዳር ይበዛል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ ይቀንሳል፤ በውሃው ላይ የሚጫነው አየር ሲቀል ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በጅቡቲ ባሕር ዳር ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ገደማ፤ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነው በላፍቶ ደግሞ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላው በለቡ የሚያገኘው ሙቀት ያነሰ ነው። ከዚህም የሚጠቅም ነገር ይገኛል፤ አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ እንጨት ቢጨመርበት ከመፍያው በላይ አይሞቅምና፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሶ ድስቱን መክደን እንጨትና ከሰል ያተርፋል። ባቄላውን አስቀድሞ ማታ መዘፍዘፍም ጊዜውን ያሳጥራል።

ሽማግሌዎች በዚህ ትምህርት ከመምህሩ ያላነሰ ስፍራ አላቸው። የቀድሞ ሊቃውንት የጾምን ሰዓት ለማወቅ የራሳቸውን ጥላ በራሳቸው ጫማ ይለኩ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። አንድ ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቢጠራና ከአንድ ሕፃን ጋር በአንድ ደቂቃ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥላ በየራሳቸው ጫማ ቢለኩ፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሳሉ ቍጥራቸው ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። ሕፃናቱ ይህን ሲያዩ ይደነቃሉ። ምክንያቱም የሰው ቁመት ከራሱ ጫማ ስድስት እጥፍ ተኩል ያህል መሆኑ ነው፤ ረጅሙ ሰው ጥላው ቢረዝም ጫማውም ይረዝማል። አባቶች ያለ ሰዓት እንዴት ሰዓት ያውቁ እንደ ነበረ ልጁ በዚህ ይረዳል፤ ሒሳብን ደግሞ ያለ መጽሐፍ ይማራል።

ከዚያም አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በግቢው መካከል ይተከል፤ ተማሪዎችም በየሳምንቱ የቀትሩን ጥላ ይለኩ፤ የወደቀበትንም አቅጣጫ ይጻፉ። በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከራስ በላይ ትቆማለች፤ ይኸውም በሚያዝያ 5 ቀንና በነሐሴ 23 ቀን አካባቢ ነው። በነዚያ ቀኖች ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከተማው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድና ስትመለስ በላዩ ታልፋለች። በነሐሴ ደመና ቢከለክላቸው በሚያዝያ ያዩታል። ጥላው በጣም የሚያጥረውም በሰዓት 6 ላይ ሳይሆን በሚያዝያ በ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ መሆኑን ያስተዋለ ልጅ ይጠይቃል። መልሱም የአገሩ ሰዓት ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር የተቈረጠ በመሆኑ፤ ፀሐይ በመጀመሪያ በዚያ መስመር ላይ ቀትር አድርጋ ኋላ ወደ አዲስ አበባ መድረስዋ ነው።

እነዚህ ጥቃቅን ጥያቄዎች ወደ ትልቅ ነገር አይደርሱም የሚል ሰው ቢኖር የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ ይመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ለመመርመር ወደ አድዋ ሄዶ ሳለ፤ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከማጠቢያው በታችም ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ሴቶች በእንዶድ ማጠባቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ ሁሉ የሚያየው ነበር። እርሱ ግን «ለምን ሞቱ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሕያዋኑንም ቀንድ አውጣዎች ከእንዶዱ አረፋ ጋር አገናኝቶ ፈተነ። የቢልሃርዝያ ትል ከዕድሜው ከፊሉን በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚያሳልፍ፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ፍሬ በሽታውን ለመከላከል የሚረዳ ሆነ። ስለዚህም ሥራ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። እንዶዱ በየቤቱ ነበረ፤ የጎደለው ጠያቂ ብቻ ነበር። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ማለት ይህ ነው።

ጠያቂውን ማሳፈር ደግሞ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው በሌላ አገር የሆነው ነገር ያስተምራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በታንጋኒካ ኤራስቶ ምፔምባ የሚባል ተማሪ አይስክሬም ለመሥራት ወተት አፍልቶ ሳያቀዘቅዘው በማቀዝቀዣ ቢያገባው፤ አስቀድሞ ከቀዘቀዘው ወተት ይልቅ ፈጥኖ ረጋ። ምክንያቱን መምህሩን ቢጠይቅ ተሳስተሃል ተባለ፤ ጓደኞቹም ሣቁበት። እርሱ ግን ጥያቄውን አልተወም። በኋላ ዴኒስ ኦዝቦርን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ ትምህርት ቤቱ በመጣ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ አቀረበ፤ ይህም መምህር ሳይንቅ ሄዶ ፈተነው፤ በ1969 ዓ.ም. ከልጁ ጋር ሆነው ጽሑፍ አወጡ። ስለዚህ ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሁለቱም መምህራን መልሱን አያውቁም ነበር፤ ልዩነታቸው አንዱ ባለማወቁ ልጁን መንቀፉ፤ ሁለተኛው ባለማወቁ ምርመራ መጀመሩ ነው።

እንግዲህ ለመምህራን የሚነገረው ምክር ጥቂት ነው። አንደኛ፤ ጥያቄው ሕፃኑ በእጁ ከሚነካውና በዐይኑ ከሚያየው ነገር ይሁን። ሁለተኛ፤ የሕፃናቱ ግምት ሁሉ ይጻፍ፤ የተሳሳተውም አይሰረዝ፤ በፈተና ይውደቅ እንጂ በመምህሩ ቍጣ አይውደቅ። ሦስተኛ፤ በፈተና ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። አራተኛ፤ የታየው ነገር እንደ ታየ ይጻፍ፤ ከመጽሐፉ ጋር ባይስማማም ለማስማማት አይጣመም፤ ይልቁንም እንደ ገና ይፈተን። አምስተኛ፤ እሳት፣ መርዝ፣ ኤሌክትሪክና ጥልቅ ውሃ ያለበት ነገር ለሕፃናት እጅ አይሰጥ። ስድስተኛ፤ መምህሩ ያላወቀውን «አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው» ለማለት አይፈር። ይህን ቃል ከመምህሩ አፍ የሰማ ልጅ አለማወቅ ነውር እንዳልሆነ፤ ሳይፈልጉ መቅረት ግን ነውር እንደ ሆነ ይማራል።

ለሽማግሌዎችም የሚነገር አለ። ልጅ ሲጠይቅ ደፋር ሆነ፤ ታላቅን ናቀ ተብሎ እንዳይቈጠርበት ያስፈልጋል። በጨዋ ደንብ የጠየቀ ልጅ አባቱን አከበረ እንጂ አልናቀም፤ ያውቃል ብሎ ነውና የሚጠይቀው። ልጁም ደግሞ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ነገር በቤት ሲናገር ታላላቆቹን በማሳፈር እንዳይሆን መምህሩ ያስጠንቅቀው። «የአያቴ ነገር ሐሰት ነው» ከማለት ይልቅ «አያቴ ያየችውን እኔም ልፈትነው» ማለት ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜም የአያትዋ ትዝብት ትክክል ሆኖ ምክንያቱ ብቻ ሌላ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር የመንግሥት ገንዘብ ወይም የውጭ አገር መሣሪያ መጠበቅ አያሻም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ እንጨት ይተከላል፤ በየቤቱ ሊጥ ይቦካል፤ በየክረምቱም ከሰል ይያያዛል። ሰኞ ጠዋት መምህሩ ወደ ክፍሉ ሲገባ መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ከቤቱ ይዞ ይግባና «እንቆቅልሽ» ይበል። ሕፃናቱም «ምን አውቅልህ» ብለው ይመልሱለት። ከዚያ በኋላ ግን ይታገሥ፤ አገር ለመቀበል አይቸኩል። ሕፃናቱ በራሳቸው ድካም መልሱን ያገኙት እንደ ሆነ አገሩ ለእነርሱ ይቀርላቸዋል።